ሚካኤል ደርሼ እመጣለሁ

እማዬ አሻራ የላትም። ይህን ያወቅነው ለፋይዳ ልትመዘገብ በሄድንበት ቀን ነው። ባንኳ «ሒሳብዎን ከፋይዳ ቁጥርዎ ጋር ያስተሳስሩ» የሚል መልእክት እየደጋገመ ሲልክባት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይዣት ሄድኩ። ወረፋው በር አልፎ አስፋልት ደርሷል። ተራችን ሲደርስ መዝጋቢዋ ልጅ «እማማ፣ አራቱን ጣት አንድ ላይ ያድርጉና ይጫኑልኝ» አለቻት። ተጫነች። ማሽኑ እምቢ አለ። ጣቷ በሶፍት ተጠረገ፣ እንደገና ሞከረች። እምቢ። ቅባት ተቀባች፣ እንደገና። እምቢ።

«እማማ፣ ጣቶችዎ ምን ሆነው ነው?»

«ምጣድ ነዋ ልጄ። ምጣድና በረኪና።»

እኔን ያሳደገችኝ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች፣ ሲጠፋ ደግሞ ሰው ቤት ልብስ እያጠበች ነው። እኔ ኢንጂነሪንግ ተምሬ ስመረቅ የእሷ ጣት እንደ ብርጭቆ ለስልሶ ነበር። ደግነቱ ፋይዳ ከአሥሩ ጣት ሌላ የሁለቱን ዓይን ብሌንና የፊት ፎቶም ይወስዳል። ዓይኗን መሣሪያው በአንዴ ተቀበለው። «ዓይኔማ ደህና ነው!» አለች፣ ፈተና እንዳለፈ ሰው ኮራ ብላ።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ሙያዬ ነውና፣ ይሄ ሁሉ መረጃዋ አንድ ቦታ መቀመጡ ያሳስባት እንደሆነ ጠየቅኳት። እንደ ሕፃን አየችኝ። «መንግሥት ድሮም ያውቀኛል። ደግሞ እኔ ምን የምደብቀው አለኝ?»

ይህን አባባል ከእሷ ብቻ አልሰማሁትም። የሥራ ባልደረቦቼ፣ የታክሲ ረዳቶች፣ አንድ ጠበቃ ጓደኛዬ ሳይቀሩ ይሉታል። ያን ቀን እኔም ሳቅ ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ እኔ ራሴ የፋይዳ ደጋፊ ነበርኩ። በትርፍ ሰዓቴ የምሟገትለት ዓይነት ደጋፊ።

ምክንያት ነበረኝ። የቀበሌ መታወቂያ የያዘ ሰው ያቺን መስመር ያውቃታል። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር፣ አደጋ ቢደርስ ተጠሪ፣ ከዚያ መሀል ላይ «ብሔር»። ጸሐፊው በእስክሪብቶ የሞላት፣ ክብ ማኅተሙ ግማሿን የሸፈናት ቃል። ለብዙ ዓመት ምንም አላለችኝም። በ2014 ግን ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አብረን የኖርን ጓደኛዬ ያቺን መስመር ይዞ ዳቦ ሊገዛ ወጣ።

ጥቅምት 23 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፍተሻው፣ ጥቆማው፣ ቤት ለቤቱ እንዴት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። መንገድ ላይ አስቆሙት፣ መታወቂያ አሉት፣ ሰጠ። ያየው ሰው ፎቶውን አላነጻጸረም፤ ዓይኑ በቀጥታ ወደዚያች መስመር ወረደ። ይህን የነገረኝ ጓደኛዬ ራሱ ነው፤ ከወጣ በኋላ፣ ከሳምንታት በኋላ። «ስሜን እንኳ አላነበበውም» አለኝ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ እስሩ ብሔርን መሠረት ያደረገ መምሰሉ እንደሚያሳስበው በይፋ ተናግሯል። እኔ እዚያ ሰሞን ያደረግሁት ነገር ቢኖር በየፖሊስ ጣቢያው ብርድ ልብስና ምግብ ይዞ መዞር ብቻ ነው። ዳቦውን ቤት ሆኜ ስጠብቅ የነበርኩት ሰው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ፋይዳ ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት የሌለውን ነገር ነው። ስም አለ፣ የልደት ቀን አለ፣ ጾታ አለ፣ አድራሻ አለ። ብሔር የለም፤ ሃይማኖትም የለም። ሌላ ነገር ሳልጠይቅ እዚያው ወደድኩት። የሶፍትዌር ሰው ስለሆንኩ ደግሞ ውስጡንም አየሁ። ሥርዓቱ የተገነባው ሞሲፕ በሚባል፣ ሕንድ ቤንጋሉሩ ከሚገኝ የቴክኖሎጂ ተቋም በመነጨ ሶፍትዌር ላይ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ሊያነበው ይችላል። እኔም ሁለት ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ያነበብኩት ክፍል በደንብ የተጻፈ ነው። ዋናው ቁጥር በየቦታው እንዳይዘራ ተለዋጭ ቁጥር የሚሰጥበት መንገድ ሁሉ አለው። የኛም ፋይዳ ከ12 አሃዙ ዋና ቁጥር ሌላ 16 አሃዝ ያለው ተለዋጭ ቁጥር አለው። ይህን ያሰበ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እኔ በተማርኩበት ጊዜ ዶርም ውስጥ ፖለቲካ ሊወራ ሲል አንዱ ተነስቶ የሁላችንንም ስልክ ሰብስቦ ትራስ ስር ይከት ነበር። ባትሪው የሚወጣ ስልክ ያለው ባትሪውን ያወጣል። ከእኛ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ያደርጉ ነበር አሉ። ዛሬ ለልጆች ብንነግራቸው ይስቃሉ፤ ፍርሃቱ ግን ከሜዳ አልመጣም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት ታስረው የነበሩ ሰዎች፣ መርማሪዎች የስልክ ጥሪ ዝርዝራቸውን አምጥተው፣ አንዳንዴም የተቀዳ ድምፃቸውን አሰምተው እንደጠየቋቸው ተናግረዋል። የካናዳው ሲትዝን ላብም በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ኮምፒውተር ላይ ስለተላኩ የስለላ ሶፍትዌሮች በተከታታይ ጽፏል። ይህንን ሁሉ አውቄው ነበር። ግን ያ በክፉ ሰዎች የሚሠራ ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ የተዘጋ ክፍል፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ምናምን።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ።

የምሠራበት ድርጅት ገንዘብ ለሚያስተላልፉና ቁጠባ ለሚሰበስቡ ተቋማት ሶፍትዌር ይሠራል። ከ2017 አጋማሽ ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሒሳብ በፋይዳ ብቻ እንዲከፈት ሲደረግ ሥራ በላያችን ላይ ፈሰሰ። ሁሉም ደንበኛ «ከፋይዳ ጋር አገናኙን» ነው የሚለው። እኔ የተሰጠኝ ማገናኘቱ ነው። ሰውየው መስኮት ላይ ቁጥሩን ይሰጣል፣ ስልኩ ላይ የሚደርሰውን ኮድ ይናገራል ወይም አሻራውን ያደርጋል፣ የእኛ ሲስተም ይጠይቃል፣ ማዕከሉ «አዎ፣ እሱ ነው» ይላል። ለተጠቃሚው ጉዳዩ እዚያ ያልቃል።

ለእኛ ግን እዚያ አያልቅም። እያንዳንዷ «አዎ» አንድ መስመር ሆና ትጻፋለች፦ የማን ቁጥር፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቅርንጫፍ፣ ለምን ጉዳይ። ሎግ እንለዋለን። ሎግ የሌለው ሲስተም ሲበላሽ ማስተካከል አይቻልም፣ ማጭበርበርም አይያዝም፤ ስለዚህ ሎግ መያዙን አልቃወምም። የእኔ ጥፋት የተጀመረው ቀጥሎ ነው። ተለዋጩን ቁጥር ማስቀመጥ ስንችል ዋናውን 12 አሃዝ እንዳለ፣ ሳናመሰጥር አስቀመጥነው። ለምን? ፍለጋ ይቀላል። እስከ መቼ ይቀመጥ? ማንም አልወሰነም። «ለማንኛውም ይኑር» አለ ኃላፊያችን። እኔም አልተከራከርኩም፤ ሐሙስ ማስረከቢያ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላ ሥራ መጣ። የደንበኛው ሰዎች «ቁጥር ስናስገባ የሰውየውን እንቅስቃሴ በሙሉ የሚያሳይ ገጽ» ፈለጉ። ቀላል ነገር ነው። አንድ ሳጥን፣ አንድ ቁልፍ፣ ከሥሩ ሰንጠረዥ። በሁለት ቀን ጨረስኩት። መሞከሪያ ዳታ ያስፈልግ ነበር፤ እኛ ጋ የመሞከሪያ ዳታ ማለት፣ ሙያው ውስጥ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ የእውነተኛው ግልባጭ ነው። መሸፈን ነበረበት፤ አልተሸፈነም። ቁጥር ማስገባት ነበረብኝ። በቃሌ የማውቀው የራሴን ነው፤ የእኔ ምንም አላመጣም፣ ያንን አገልግሎት አልጠቀምም። ስልኬ ውስጥ ሌላ አንድ ሰው ቁጥር ነበር። ቅዳሜ የተመዘገበች ቀን የደረሳትን መልእክት እንዳይጠፋባት ለራሴ ልኬው ነበር።

የእማዬን ቁጥር አስገባሁ።

ሰባት መስመር መጣ። እሷ ከሰፈራችን ቅርንጫፍ ውጪ የትም ስትሄድ አላውቅም። ሰባቱም ግን ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ካለ አንድ ቅርንጫፍ ነው። ሰባቱም ወር በገባ በ12 ቀን፣ ጠዋት። አንዷ ብቻ በ13፤ ቀኑን ስቆጥር 12 እሑድ ውሎ ነበር። እማዬ በየወሩ በ12 ነጠላዋን ለብሳ ትወጣለች። እኔ ልጅ ሆኜም ትወጣ ነበር። «ሚካኤል ደርሼ እመጣለሁ» ትላለች። ረፈድ አድርጋ ትመለሳለች።

እዚህ ላይ መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም። የገንዘቡን መጠን አየሁ። ተቀባዩን አየሁ። ካርታ ከፍቼ ሰፈሩን ፈለግሁ፤ አጠገቡ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ ወይ ብዬ። አለ። ስለዚህ አልዋሸችም እንኳን ማለት ይቻላል።

ለማን እንደምትልክ እዚህ አልጽፍም። ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ሳውቀው ከበፊቱ ይልቅ አከበርኳት። ግን ሃያ ምናምን ዓመት ከእኔ ደብቃው የኖረችው ነገር ነው። ለራሷ ምክንያት ደብቃዋለች። ምናልባት አንድ ቀን፣ እሷ በመረጠችው ሰዓት፣ ቡና አፍልታ ትነግረኝ ነበር። ያን ሰዓት ወሰድኩባት። የወሰድኩት ደግሞ ሰላይ ሆኜ፣ ጠልቻት፣ አዝዘውኝ ሆኖ ቢሆን ይሻል ነበር እላለሁ። እኔ የአንድ ገጽ ፍለጋ ይሠራ እንደሆነ እየሞከርኩ ነው። ገጹ ይሠራል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አዋጆቹን አነበብኩ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ፍርሃቴን ሊያረግብልኝ የሚችል ብዙ ነገር አላቸው። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል ይላል፤ ከሚያስፈልገው በላይ አይሰብሰብ፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አይቀመጥ ይላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። እኔና ባልደረቦቼ የጻፍነው ኮድ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱ። ሕጉን እንዲያስፈጽም ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ መታወቂያውን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ደግሞ በጠቅላይ ሚኒስትር ጽሕፈት ቤት ሥር ነው። ሁለቱም መንግሥት ናቸው። መንግሥት ራሱ «የዚህን ሰው ሰባት መስመር አምጡ» ያለ ቀን፣ ዓዋጁን ይዞ «የፍርድ ቤት ትእዛዝህስ?» የሚለው ማን እንደሆነ እያሰብኩ ነጋ።

ሌላ አገር ይህን ያሉ አሉ። ሕንድ ውስጥ ፑታስዋሚ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ አድሃር የተባለውን መታወቂያ ተቃውመው ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዘጠኝ ዳኞች የግል ሕይወት መሠረታዊ መብት ነው ብለው በአንድ ድምፅ ፈረዱ። በዓመቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ መታወቂያው ይቀጥል፣ ነገር ግን ለባንክ ሒሳብና ለሲም ካርድ ግዴታ አይሁን አለ። ኬንያም በ2020 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የዘረመል ናሙናና የቤት መገኛ እንዳይሰበሰብ ከልክሏል፤ ከሳሾቹ መካከል ድሮም መታወቂያ ለማግኘት ሲንገላቱ የኖሩት ኑቢያውያን ነበሩበት። እኛ ጋ ሰዉ የሚያማርረው ወረፋውን ነው። ወረፋውም ያማርራል፣ አልክድም።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ ገጹ ይቅር አልኩ። ምክንያቱን ስጠየቅ ስለ እማዬ መናገር አልቻልኩም፤ ስለ አዋጁ ተናገርኩ። ኃላፊያችን መጥፎ ሰው አይደለም፤ «ማን ቁጭ ብሎ የሰው እንቅስቃሴ ያያል ብለህ ነው?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ከብዙ ክርክር በኋላ ያገኘሁት ይኸው ነው፦ የሚፈልገው ሰው ምክንያት እንዲጽፍ ይገደዳል፤ ማን፣ መቼ፣ የማንን እንደፈለገ ይመዘገባል፤ የመሞከሪያው ግልባጭ ተሰርዟል። ዋናው ቁጥር ግን አሁንም እንዳለ ነው፤ «በሚቀጥለው ዙር» ተብሏል። «ምክንያት» በሚለው ሳጥን ውስጥ እስካሁን ከተጻፉት አብዛኞቹ «ሥራ» ይላሉ። አንዱ ነጥብ ብቻ ነው ያስቀመጠው።

የእማዬ ካርድ ታትሞ መጥቷል። ቦርሳዋ ውስጥ ከቀበሌው መታወቂያ ጋር አብራ አስገባችው። ያኛው ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ጣይው ብላት «ይኑር፣ ምን በላ» አለችኝ።

ባለፈው በ12 ሥራ ከቤት ነበርኩ። ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሬ ሳለ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች።

«ሚካኤል ደርሼ እመጣለሁ። ወጡ ምድጃው ላይ ነው፣ እንዳያርብህ።»

«እሺ እማዬ» አልኳት።