ሁለት ልደት በአንድ ዳቦ

በወላጆቻችን ዘመን የሕፃናትን ልደት በየዓመቱ ማክበር የታወቀ ልማድ አልነበረም። ልጅ ሲወለድ ገንፎ ይገነፋል፤ ክርስትና የሚነሣ እንደ ሆነም ወንዱ በ40፥ ሴቲቱ በ80 ቀን ድግስ ይደገስላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜን የሚቆጥር እምብዛም አልነበረም። ለትምህርት የደረሰውም ልጅ ክንዱን በራሱ ላይ አሻግሮ የወዲያኛውን ጆሮውን እንዲነካ ይታዘዝ ነበር፤ ከነካ ደርሷል፥ ካልነካ ለከርሞ ነው። በያመቱ ልደቱ የሚከበርለት ሰው ቢኖር ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ሐምሌ 16 ቀንን ሁሉ ያውቃል፤ የገዛ ራሱን ቀን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነበር።

እኛ ባልና ሚስት በኪንዶ ኮይሻ ወረዳ፥ በቤሌ ከተማ፥ በመምህርነት እንኖራለን። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሴት ልጃችን 5 ዓመት ሊሞላት ሲል ከአዲስ አበባ አንድ ዘመዳችን የልጁን የልደት ግብዣ ፎቶግራፍ ላከልን። ሳሕኑም፥ ፊኛውም፥ የልጆቹም ቆብ ሁሉ በአንድ ሥዕል ያጌጠ ነበርና ልጃችን ካየችው በኋላ ዕረፍት ነሣችን። የእርሷም ግብዣ ርእስ ይኑረው አለች። ርእሱንም ራሷ መረጠች፤ ይኸውም ኦሞ ወንዝና ጉማሬዎቹ ናቸው።

ከሶዶ ኬክ ማስመጣት አንድ ጊዜ ሞክረነዋል፤ በአውቶቡስ ተጉዞ ሲደርስ የተቀመጠበት እንጂ የተጋገረ አይመስልም ነበር። ስለዚህ ሁሉም በእጃችን እንዲሠራ ቆረጥን። የልደቷ ቀን ታኅሣሥ 10 ሰኞ የሥራ ቀን በመሆኑም ግብዣውን ቅዳሜ ታኅሣሥ 8 እንዲሆን አደረግነው። ሰማያዊው የአልጋ ልብስ ወንዝ ሆነ። ጉማሬዎቹን በመጀመሪያ ከድንች ብንሠራ እንቁራሪት መሰሉ፤ ወፈር ወፈር ያለውን ስኳር ድንች መርጠን በስንጥር እግር ብንተክልላቸው ግን የሚያስደንቅ ጉማሬ ወጣቸው። የሚጠሩት ልጆች እንደ ዕድሜዋ አምስት እንዲሆኑ አስበን ነበር። ነገር ግን በእኛ ሰፈር አጥር ድምፅን አያግድምና ወሬው ከተሰማ በኋላ ቁጥሩ 16 ደረሰ።

ካርቶን በመቁረጥ ከሁሉ አብልጦ የረዳን የጎረቤታችን የልጅ ልጅ ነው። እናቱ ሥራ ፍለጋ ከሄደች ወዲህ የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። አንድ ቀን መቀሱን አስቀምጦ፥ «ጋሼ፥ የኔስ መቼ ነው?» አለ። የምንመልሰው አጣን። ማታውን ወደ አያቱ ሄደን ጠየቅናቸው።

«ቀኑን እንኳ አልያዝኩትም» አሉ። «እናቱ ስታምጥ ግን ራዲዮኑ ግድቡ ተመረቀ፥ ግድቡ ተመረቀ እያለ ይለፈልፍ ነበር፤ አጥፉልኝ ብዬ ተቆጥቻለሁ።»

1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ጊቤ ሦስት የተመረቀው ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ራዲዮ አንድን ወሬ ለብዙ ቀን ይደጋግማልና እርግጠኛ መሆን አልቻልንም። «በማግሥቱ እማማ፥ ምን ነበር?» ብለን ብንጠይቃቸው ሳያመነቱ፥ «እሑድ ነዋ! ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገብተው ጠየቁን» አሉ። የምርቃቱ ቀን ቅዳሜ ነበር። ልጁ የተወለደው በዚያው ቀን ነው፤ ለግብዣ የቆረጥነውም ቅዳሜ ስድስተኛ ዓመቱ የሚሞላበት ሆኖ ተገኘ።

ለልጃችን ይህን ስንነግራት ደስ የሚላት መስሎን ነበር። እርሷ ግን፥ «ቅዳሜ የኔ ነው!» ብላ አለቀሰች። በእውነቱ ክርክሯ አልነበራትም ለማለት አንደፍርም፤ ቅዳሜን የሰጠናት እኛው ነን። ሁለት ቀን ካኮረፈች በኋላ ልጁ ከካርቶን ግድብ ሠርቶ አምጥቶ በአልጋ ልብሱ ወንዝ ላይ አቆመው። እርሷም ጉማሬዎቹ ሁሉ ከግድቡ በላይ፥ በሰፊው ውኃ እንዲሆኑ አዘዘች፤ እርቁም በዚሁ ተፈጸመ።

በዕለቱ በኮባ ተጠቅልሎ የተጋገረውን ድፎ ዳቦ መካከል አቀረብን፤ ባንድ ወገን 5፥ በሌላው ወገን 6 ሻማ ተተከለበት። አያትየውም ጥቁር፥ ቀይና ቢጫ የተሸመነበትን ዱንጉዛቸውን ለብሰው መጥተው ዳቦውን ባረኩ። ልጃችን ሻማዋን ባንድ ትንፋሽ አጠፋች። ልጁ ግን እፍ በል ቢባል እንቢ አለ። ስድስቱ ሻማ እስከ ግማሽ ድረስ ሲነድ፥ ሰሙም በዳቦው ላይ ሲወርድ፥ ዝም ብሎ ተመለከተ። ልጆቹ ቢንጫጩም ማንም አልቀደመውም።

ከመሄዱ በፊት ከግድቡ አንዱን ካርቶን ቀዶ፥ ቀኑን እንድንጽፍለት ለመነን። «ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም.» ብለን በትልልቁ ጻፍንለት። አያትየው ካርቶኑን ተቀብለው ገለባብጠው አዩና፥

«ይኸ ወረቀት ቀበሌ ያስገባል?» አሉን።

የልደት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ልጁም ከዚያ ወዲህ ቢወለድ እንኳ የሚያስመዘግበው ሳያገኝ ቀርቷል። ካርቶን ማስረጃ እንደማይሆን ነገርናቸው። ሰኞ ጧት ግን ከክፍል በፊት አብረናቸው ሄድን። ልጁ ካርቶኑን በብብቱ ይዟል፤ ልጃችንም ዛሬ የራሷ ቀን መሆኑን እያስታወሰችን አንድ የተረፈ ጉማሬ ይዛ ተከተለችን።