የግሪክ ወጥና የቃሊቲ ደብዳቤ

ቃሊቲ የሚኖር ሰው ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ ግሪክኛ ሲያወራ ይውላል ብል የሰፈሬ ሰዎች «መምህር ደግሞ ጀመራቸው» ማለታቸው አይቀርም። ግን እስቲ እንየው። ከባዱ መኪና ዕቃውን ጭኖ ጉምሩክ ይገባል። «ጉምሩክ» በቱርኮችና በዓረቦች በኩል የደረሰን ቃል ነው፤ ቱርኮች ከግሪኮች ወሰዱት፣ ግሪኮች ደግሞ ንግድ ከሚለው የሮማውያን ቃል። «መኪና»ን ከጣሊያኖች ተቀበልን፤ የጣሊያኖቹ ከላቲን፣ የላቲኑ ከግሪክ የመጣ ነው። ያለውም የሌለውም የሚጨነቅበት የቤት «ካርታ» የዘር ሐረጉ ቢቆጠር የግሪኮች የጽሕፈት ወረቀት ላይ ይደርሳል። «ሊትር» የግሪክ ነው። «ኪሎ»ም እንዲሁ፤ ሺህ ማለት ነው። አራት ኪሎ የምንለውን ሰፈር ለጥንት ግሪካዊ ብንነግረው «አራት ሺህ ምን?» ብሎ ይጠይቀን ነበር።

በአውሮጳ በኩል ሳይዞር የመጣውም ብዙ ነው። በ1ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መምሪያ፣ ዞስካለስ የተባለውን የአካባቢውን ንጉሥ የግሪክ ጽሑፍ አዋቂ ነው ይለዋል። ንጉሥ ኢዛናም በ4ኛው መቶ ዘመን ድሉን ድንጋይ ላይ ያስቀረጸው በግዕዝና በግሪክኛ ነው። ወንጌል፣ ጳጳስ፣ ዲያቆን፣ ቀኖና፣ ስንክሳር ሁሉ ከዚያው ናቸው። ፩፣ ፪፣ ፫ የምንላቸው አኃዞች እንኳ የተቀዱት ከግሪክ ፊደላት ነው። «ጠረጴዛ»ም የእነሱ ነው፤ የዛሬዎቹ ግሪኮች ግን በዚሁ ቃል ባንክን ይጠሩበታል። ጠረጴዛውን ባንክ ያደረገ ሰው በእኛም አገር አይጠፋምና እዚህ ላይ ብዙ የምንገረም አይመስለኝም።

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ አጫጭር ቃላት ናቸው። ማንም ሳያስተውላቸው ገብተው ተላምደው ኖረዋል። ግሪኮች ግን በረጅም ቃልም የሚያህላቸው የለም። አሪስቶፋንስ የተባለው የአቴና ቀልደኛ ጸሐፌ ተውኔት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ391 ዓመት ገደማ በጻፈው አንድ ኮሜዲ፣ ሴቶች የወንድ ልብስ ለብሰው ጉባኤ ይገቡና የከተማዋን ሥልጣን በድምፅ ብልጫ ይረከባሉ። ሀብት ሁሉ የጋራ ይሁን ይላሉ። በመጨረሻ ሕዝቡ ለግብዣ ሲጠራ የሚቀርበው ምግብ ስም ይነገራል፤ አንድ ቃል ነው፣ 171 ፊደላት አሉት! ዓሣው፣ ማሩ፣ ርግቡ፣ አውራ ዶሮው፣ ጥንቸሉ፣ የወይን ጭማቂው፣ ሁሉም እንደ ባቡር ፉርጎ ተቀጣጥሏል። ጉዱ ያለው ግን ከዚያ ቀጥሎ ነው። ተመልካቹ ምራቁን እየዋጠ ሳለ «በሉ ሳህናችሁን ይዛችሁ ሩጡ፣ የምትበሉትን የጥራጥሬ ገንፎም ያዙ» ይባላል። በእኛ ቤት ሽሮ ማለት ነው።

ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከዚህ የተሻለ የፖለቲካ ቀልድ ለተማሪዎቼ አላገኘሁላቸውም። ስሙ 171 ፊደል፣ ምሳው ሽሮ።

ረጅም ቃል በራሱ ግን ጥፋተኛ አይደለም። አማርኛችንም በዚህ የሚታማ አይደለም። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ እህቷን ለእናቷ ስትከስ «አላስጨረሰችኝም!» ትላለች። ዘጠኝ ፊደል ነው። በዚህ ዘጠኝ ፊደል ውስጥ አድራጊዋ አለች፣ ተበዳይዋ አለች፣ ድርጊቱ አለ፣ ክልከላው አለ። «እንደማያስተዋውቋቸውም» ብንል ደግሞ 13 ፊደል ነው፤ ከውስጡ «ዐወቀ» የምትለዋ ትንሽ ግስ ተቀምጣለች። መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ ማንም የለም። ቃሉ የረዘመው ማን፣ ማንን፣ ምን እንዳደረገ ለመንገር ነው።

የቢሮ አማርኛ የሚረዝመው በተቃራኒው ነው። ማን እንዳደረገ ላለመንገር ይረዝማል።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጎረቤቴ ደብዳቤ ይዘውልኝ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ በየወሩ የሚደርሳቸው ጥቂት ገንዘብ ነበረች፤ ቀረች። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «የተጠየቁትን ማስረጃዎች በተገለጸው የጊዜ ገደብ ውስጥ አሟልተው ባለመቅረብዎ ምክንያት የአገልግሎት ተጠቃሚነትዎ እንዲቋረጥ የተደረገ መሆኑን እየገለጽን…»

«እትዬ፣ ከዚህ በፊት ሌላ ደብዳቤ አልደረስዎትም?» አልኳቸው።

ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ይቺ መጥታ ነበር፣ መምህር። የልጅ ልጄን አስነበብኩት። ሰላምታ ነው አለኝ።»

አየሁት። ቀነ ገደቡ ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ ከሦስት አንቀጽ ቁጥሮች በታች ተቀብሯል። ልጁ አራተኛ ክፍል ነው፤ አንድም ፊደል ሳይስት እንዳነበበው እርግጠኛ ነኝ። ማንበብ ሌላ፣ መረዳት ሌላ ሆነና ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚያውቀው ቃል መጨረሻ ላይ ያለው «ከሰላምታ ጋር» ብቻ ነበር። እሳቸውም አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ የገበያውንና የለቅሶውን አማርኛ ግን ከእኔ እኩል ያውቁታል። ሰላምታውን ተቀብለው፣ «እግዜር ይስጣቸው» ብለው፣ ነጠላቸው ላይ ቋጠሩት።

ማመልከቻ ጻፍንላቸው። ከአራት ወር በኋላ ገንዘቡ ተለቀቀ፤ ያለፉት አራት ወሮች ግን አልተተኩም። በእነዚያ ወሮች የልጅ ልጃቸው ደብተር የተገዛው በዕቁብ ጓደኞቻቸው ብድር ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እንዲህ የሚጽፈው አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ።

ደብዳቤውን ልብ ብላችሁ አያችሁት? «እንዲቋረጥ የተደረገ መሆኑን»። ማን አቋረጠው? የለም። ሕፃኗ በዘጠኝ ፊደል ከሳሽና ተከሳሽ ስታቆም፣ ጽሕፈት ቤቱ በሁለት መስመር ሙሉ አንድ ሰው አላቆመም። ሽማግሌ ይላክበት ቢባል ወደ ማን ይኬዳል?

ይህ በሽታ የእኛ ብቻ አይደለም። ግሪኮች ራሳቸው ከ100 ዓመት በላይ ሁለት ዓይነት ግሪክኛ ይዘው ኖረዋል፤ አንዱ የመንግሥትና የምሁር፣ ሌላው የእናትና የገበያ። በ1901 እ.ኤ.አ. ወንጌልን ወደ ተራው ሕዝብ ግሪክኛ ተርጉሞ ጋዜጣ ላይ ማውጣት አቴና ውስጥ ሁከት አስነስቶ 8 ሰዎች ሞተዋል። የሕዝቡ ቋንቋ የትምህርትና የመንግሥት ቋንቋ የሆነው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ስንት ባልቴት ሰላምታ መስሏት ደብዳቤ ቋጥራ ይሆን?

በእኛም አገር አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤያቸውን በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ሲያስጽፉ፣ መልእክት የሚጻፈው እንዲሰማ ነው ማለታቸው ይመስለኛል። ከእሳቸው በኋላ ግን አማርኛውን ራሱን ሌላ ግዕዝ አደረግነው። «አጣራ» ማለት ሲቻል «የማጣራት ሥራ እንዲከናወን ተደርጓል» እንላለን፤ «አልመጣም» ማለት ሲቻል «የመምጣት ሁኔታ አልታየም» እንላለን። ሬዲዮውም ከቢሮው ተማረ፤ አሁን አሁን ዝናቡ እንኳ «የመዝነብ ሁኔታ» ያሳያል እንጂ አይዘንብም።

ሕግ ጥንቃቄ ይፈልጋል የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ልክ ናቸው። ጥንቃቄ ማለት ግን ቀኑን፣ ገንዘቡን፣ የሚመጣውን ወረቀትና የሚኬድበትን ቢሮ ለይቶ መጻፍ ነው። «የባለቤትዎን የሞት ማስረጃ እስከ ጥር 30 ይዘው ይምጡ፤ ካላመጡ ገንዘቡን እናቆማለን።» እዚህ ውስጥ ምን የጎደለ ጥንቃቄ አለ? ኧረ እንዲያውም ከዚያኛው ይልቅ ሕግ የሚመስለው ይሄ ነው፤ የሚያዝም የሚጠየቅም አለውና።

እናም ከጠረጴዛው ኋላ ለተቀመጣችሁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ደብዳቤው ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ለቢሮው የጽዳት ሠራተኛ ወይም ለበሩ ጥበቃ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ከዚያ «ምን አድርግ ይላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ከመለሰ ፈርሙ። ካልመለሰ ቅደዱትና እንደገና ጻፉት፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።