ስለ መክብብ ምክርና ስለ ፎገራ ገበሬ

የሰሎሞንን መጻሕፍት የሚማር ደቀ መዝሙር አስቀድሞ ንባቡን፥ ቀጥሎም ትርጓሜውን ያጠናል፤ ብዙ ጊዜም ትምህርቱ በዚያው ይፈጸማል። እነዚህ መጻሕፍት ግን የሚያርሰው በእርሻው፥ የሚነግደው በገበያው፥ ባለትዳሩም በቤቱ ይጠቀምባቸው ዘንድ ጭምር የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ከምክራቸው አንዱን ወስዶ በአንድ አገር ኑሮ መመርመር ለትርጓሜው ብርሃን ይጨምርለታል።

በመጽሐፈ መክብብ በ11ኛው ምዕራፍ ጠቢቡ ሦስት ነገር ይመክራል። መጀመሪያ ሰው እንጀራውን በውኃ ላይ እንዲጥል ያዝዛል፤ ዘመን ቢቈይም እንደሚያገኘው ተስፋ ይሰጠዋል። ሁለተኛ ድርሻውን ለሰባትና ለስምንት እንዲከፍል ይነግረዋል፤ የሚመጣውን ክፉ ነገር የሚያውቅ የለምና። ሦስተኛም ነፋሱንና ደመናውን እያየ የሚያመነታውን ሰው ይነቅፋል።

እንጀራን በውኃ ላይ መጣል ለሰሚው እንግዳ ነገር ነው፤ ውኃ የወሰደውን አይመልስምና። ስለዚህ ብዙዎች መተርጕማን ነገሩን ወደ ምጽዋት ወሰዱት፤ ብድሩን ሊመልስ ለማይችል ድኻ መስጠት በውኃ ላይ እንደ መጣል ነው፥ ዋጋው ግን በእግዚአብሔር ዘንድ አይጠፋም አሉ። ሌሎች ደግሞ ዐባይ ሜዳውን ሲያለብሰው ዘሩን የሚበትነውን የግብፅን ገበሬ አሰቡ። በቅኔ ቤት አነጋገር ገበሬው ሰሙ፥ ምጽዋቱ ወርቁ ነው።

ይህን ሰም በዓይኑ ሊያይ የሚወድ ሰው ግብፅ መውረድ አያስፈልገውም፤ ወረታ ይበቃዋል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድም የሚለይባት ከተማ ናት። ከእርስዋ እስከ ጣና ሐይቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፤ በክረምትም ዳርቻቸውን እያለፉ በጥቍሩ ዋልካ ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ውኃው ከልክ አልፎ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቀለ፤ ሰብሉንም አጠፋ።

በቀድሞው ዘመን የፎገራ ሰው ከዚህ ውኃ ጋር የሚኖረው እስኪሸሽ በመጠበቅ ነበር። ውኃው ሲጐድል ላሞቹን በለምለሙ ሣር ያሰማራል፤ ከዝናቡ በተረፈው እርጥበትም ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በአገሩ ስም የሚጠራው የፎገራ ከብት በወተቱ የታወቀው በዚህ ሜዳ ነው።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በቈየው በደርግ ዘመን ግን ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሩዝ እርሻን አስጀመሩ። ከዘሮቹም አንዱ እስከ ዛሬ ኤክስ ጅግና ይባላል። ጤፍና ዳጉሳ ለለመደ ገበሬ፥ ውኃ በሚተኛበት መሬት ላይ ዘርን መበተን እህልን ከማባከን የሚቈጠር ነበር። ሆኖም የደፈሩት ዘሩ፤ ውኃውም በቡቃያው እግር ሥር ተኛ፤ ገበሬው በጭቃው ውስጥ ጐንበስ ብሎ ዐረሙን ነቀለ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሲደርስም ዐጨደ። ሩዙ ተፈጭቶ ከጤፍ ዱቄት ጋር ሲቀላቀል እንጀራ ሆኖ በመሶብ ቀረበ። እንግዲህ በውኃ ላይ የተጣለው ከብዙ ቀን በኋላ እንጀራ ሆኖ ሲመለስ ፎገራ አየ፤ ሰሙም ራሱ ወርቅ ሆነ። ዛሬ በወረታ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል የቆመው ከዚህ ጅማሬ የተነሣ ነው።

ነገር ግን የመጀመሪያውን ምክር የፈጸመ ሁሉ ሁለተኛውን አይጠብቅም። የሩዝ ትርፍ በታየ ጊዜ የግጦሹ መሬት ታረሰ፤ ያ ስመ ጥሩ ከብትም እየቀነሰ ሄደ። የሩዙ ገለባ ለከብት መኖ መሆኑ እውነት ነው፤ ቢሆንም ማሳውንም ተስፋውንም በአንድ እህል ላይ የጣለ ሰው፥ ያ እህል የከዳው ዕለት የሚዞርበት የለውም።

በአንድ እህል መታመን ምን እንደሚያደርስ ይህ አገር በጓያ ተምሯል። ጓያ ድርቅንም ውኃንም ይታገሣል፤ ሌላው ሰብል በጠፋበት ዓመት እርሱ ይተርፋል። ስለዚህ ድኻው እርሱን ብቻ ይበላል። ለወራት ያለ ሌላ ምግብ የተበላ ጓያ ግን እግርን ያሰልላል፤ የሰለለውም እግር ወደ ቀድሞው አይመለስም። ያው ጓያ ከገብስና ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ ሲበላ ጕዳቱ ይቀንሳል። ባለጠጋውና ድኻው በአንድ ሜዳ አንዱን ጓያ ይበላሉ፤ አንዱ ጤነኛ ሆኖ ሲኖር ሌላው በምርኵዝ የሚሄደው፥ በአንደኛው ቤት ሌላ እህል ስላለ ነው።

የጠቢቡ ሰምና ወርቅ የሚገናኙት በዚህ ነው። ድርሻን ለሰባትና ለስምንት መክፈል፥ አንድም እርሻንና ጐተራን መለያየት ነው፤ ሩዙ፥ ጤፉ፥ ሽምብራው፥ ላሚቱም በየድርሻቸው እንዲኖሩ። አንድም ከጐተራው ለጐረቤት መስጠት ነው። ጓያ ብቻ ለቀረው ቤት የተላከ ገብስ ለዕለት ራት ብቻ የሚቈጠር ምጽዋት አይደለም፤ የአንድን አራሽ እግር ሊያተርፍ ይችላልና። እግሩ የተረፈለት ሰው በሚቀጥለው ክረምት ራሱ ያርሳል፤ ጎርፍ የሰጪውን ማሳ በወሰደበት ዓመትም ሰጪው ደጁን ሊያንኳኳበት የሚችል ጐረቤት ይሆናል።

ሦስተኛው ምክር የጊዜው ነው። ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ይሆን፥ ዋጋውስ ይጨምር ይሆን እያለ የሚጠብቅ ሰው ለመዝራትም ለመስጠትም ቀን አያገኝም። ልግስና በሐምሌ የሐዘን ወሬ ሲሰማ ከሚታሰብ ይልቅ፥ በታኅሣሥ እህሉ ገና በዐውድማ ሳለ ቢለይ ይሻላል። ካህኑም ይህን ምዕራፍ ለሕዝቡ ሊተረጕም ቢወድ፥ የወረታም ነጋዴ ሊፈጽመው ቢያስብ፥ የተመቸው ወር መከሩ የሚገባበት ወር ነው፤ በዚያ ጊዜ ሰባተኛውና ስምንተኛው ድርሻ ገና አልተሸጠምና።