የዓይነ ስውሩ ድንጉላ ዘር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1853 የጸደይ ወራት፣ በአሜሪካ ኬንተኪ ግዛት፣ በሌክሲንግተን ከተማ የመሽቀዳደሚያ ሜዳ ላይ ዳርሊ የተባለ የሦስት ዓመት ዳማ ፈረስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለውድድር ቀረበ። ያረባው ሐኪሙ ኤሊሻ ዋርፊልድ ሲሆን በመዝገብ የሰፈረውም የእርሱ ስም ነበር። ገርቶና አሠልጥኖ ለሩጫ ያበቃው ግን ከባርነት ነፃ የወጣው ጥቁር ፈረሰኛ ሃሪ ሌዊስ ነው። ሌዊስ ፈረሱን ከሐኪሙ ተከራይቶ ቢይዘውም፣ የዘመኑ ደንብ ጥቁር ሰው በስሙ ፈረስ እንዲያስመዘግብ አይፈቅድምና ድሉ ሁሉ የሚጻፈው በሌላ ሰው ስም ነበር።

በዚያው ሰሞን ሪቻርድ ቴን ብሮክ የተባለ የውድድር ነጋዴ ፈረሱን ገዛ፤ ስሙንም በከተማይቱ ስም ሌክሲንግተን አለው። የሌዊስ ስም ከዚህ በኋላ ከታሪኩ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ሌክሲንግተን በሕይወቱ የሮጠው ሰባት ጊዜ ብቻ ነው። ስድስቱን አሸነፈ፤ አንዱን በ1854 ኒው ኦርሊንስ ላይ በሌኮምት ተረታ። ሌኮምት የአባቱ ልጅ ነበር፤ ሁለቱም ከቦስተን የተወለዱ ናቸውና። በ1855 ሚያዝያ ሌክሲንግተን ከሰዓት ጋር ብቻ ተፎካክሮ አራቱን ማይል በ7 ደቂቃ ከ19¾ ሰከንድ ጨረሰ፤ በዚያው ወር ወንድሙን ገጥሞ ሽንፈቱን ተበቀለ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዓይኑ እየጠፋ ነበር። አባቱ ቦስተንም ዓይኑን አጥቶ ነበር የሞተው።

የማያይ ፈረስ ለሩጫ አይበቃም። ሮበርት አሌክሳንደር የተባለው የዉድበርን እርባታ ባለቤት ግን በ1856 ዓይነ ስውሩን ድንጉላ በ15,000 ዶላር ገዛው። ዋጋው ያን ጊዜ ብዙዎችን ያስገረመ ነበር፤ ውጤቱ ግን ገዢውን አላሳፈረም። ሌክሲንግተን ለ16 ዓመታት የአሜሪካ ቀዳሚ የዘር አባት ሆነ፤ ከእነዚህም ዐሥራ አራቱ፣ ከ1861 እስከ 1874፣ ያለማቋረጥ የተከታተሉ ናቸው። ጄኔራል ግራንት በእርስ በርስ ጦርነቱ የተቀመጠበት ሲንሲናቲ ልጁ ነው። ዛሬም ስመ ጥር ለሆነው ውድድር ስሙን ያወረሰው ፕሪክነስም እንዲሁ። ተሸንፎ የማያውቀው ልጁ አስትሮይድ በ1864 በሽፍቶች ተዘርፎ ተመልሷል፤ አሌክሳንደርም ፈረሶቹን ወደ ኢሊኖይ ማሸሽ ግድ ሆነበት።

አስትሮይድን ያሠለጠነው አንሰል ዊልያምሰን በዚያ ጊዜ ራሱ ባሪያ ነበር። ነፃ ከወጣ በኋላ በ1875 የመጀመሪያውን የኬንተኪ ደርቢ ያሸነፈውን አሪስታይድስን አሠለጠነ፤ የአሪስታይድስ እናትም የሌክሲንግተን ልጅ ናት። የፈረሱ ትውልድ እንዲህ በጥንቃቄ ሲቆጠር፣ በ1870 የታተመ ጽሑፍ ከሌክሲንግተን ጋር የተሳለውን ጠባቂ የሚጠራው «ጥቁሩ ጃሬት» ብሎ ብቻ ነው። ደራሲዋ ጀራልዲን ብሩክስ በ2022 ያሳተመችው «ሆርስ» የተሰኘ ልብ ወለድ የተነሣው ከዚህ ሰው ነው።

የሚያስገርመው፣ የዘር ጥርጣሬው ለፈረሱም አልቀረለትም። በ1913 የእንግሊዝ የፈረስ ዘር መዝገብ ጠባቂዎች፣ ቅድመ አያቶቹ በሙሉ በመዝገቡ ያልተገኙለት ፈረስ ንጹሕ ዘር እንዳይባል ደነገጉ። በሌክሲንግተን የዘር ሐረግ ክፍተት ነበረና ልጅ ልጆቹ ድቅል ተባሉ። በዓመቱ፣ በ1914፣ ከእነዚሁ «ድቅሎች» አንዱ የሆነው ደርባር የእንግሊዞችን ታላቅ ውድድር፣ የኤፕሰም ደርቢን፣ አሸነፈ! ደንቡ እንዲያም ሆኖ እስከ 1949 ዘለቀ፤ የተሻረውም እነዚሁ ፈረሶች ደጋግመው ካሸነፉ በኋላ ነው።

ሌክሲንግተን በሐምሌ 1 ቀን 1875 ሞተ። አፅሙ ከመቃብር ወጥቶ ለዋሽንግተኑ ስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ተሰጠ፤ በ2010 ደግሞ ስሙን ወደ ወረሰባት ከተማ፣ በዚያ ወዳለው የፈረስ ሙዚየም፣ ተመለሰ።