ቡናችን የሚጠብቀው ዝናብ

የካቲትና መጋቢት ላይ ከጅማ ወደ አጋሮ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ትናንት አረንጓዴ የነበረው የቡና ማሳ ነጭ ለብሶ ያድራል፤ ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል። በሁለት በሦስት ቀን ደግሞ ይጠወልጋል። የዓመቱ ምርት በዚህች አጭር ጊዜ መወሰኑ ሁሌም ይገርመኛል።

ብዙ ተክል ለማበብ ብርድና ብርሃን ይጠብቃል። የአውሮፓ የክረምት ስንዴ ሳምንታት የዘለቀ ብርድ ካላገኘው በወጉ አያሸትም። የጨንቻ አፕልም ብርድ ይሻል፤ እንደ አና ያሉ ትንሽ ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች ለደጋችን የተመቹት ለዚህ ነው። ቡና ግን ሌላ ነው። እምቡጥ የሚቋጥረው ቀኑ ከ13 ሰዓት ሲያንስ ነው፤ ጅማ ላይ ረጅሙ ቀን እንኳ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለበትም። ወሳኙ ውሃ ነው። እምቡጡ ጥቂት ሚሊሜትር ካደገ በኋላ ይተኛል። የበጋው ድርቀት ለሳምንታት ካስጠማው በኋላ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሥሩን ሲያርሰው ይነቃል፤ ዝናቡ ይዞት የሚመጣው ቅዝቃዜም ያግዘዋል። ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜም ይፈካል።

ዝናቡ ጥር ላይ ጠብ ብሎ ቢጠፋስ? ከፊሉ ይፈካል፣ የቀረው እንደተኛ ሌላ ዝናብ ይጠብቃል። ከሰባት ስምንት ወር በኋላ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ፍሬ ተደባልቆ ይገኛል። «ቀይ እሸት ብቻ ልቀሙ» የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ግን ለቃሚዋ አንዱን እግር ቡና ደጋግማ ትመለስበታለች፣ የድካሟ ዋጋም ከገበሬው ኪስ ይወጣል። ገንዘብ የቸገረው ገበሬ አረንጓዴውንም አብሮ ቢያወርደው በስንፍና አልፈርድበትም። ገዢው ቀዩን ከፈለገ የምልልሱንም ይክፈል።

የጥላ ዛፉን ቆርጠን ብርሃን ብንጨምር አበባው ይበዛል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘው ቡና ከአቅሙ በላይ ያፈራና ቅርንጫፉ ከጫፉ ይደርቃል፣ በዓመቱም ምርቱ ይቀንሳል። ሰሳውንና ዋንዛውን በልኩ መመልመል እንጂ መጨረስ አይበጅም።

74110 እና 74112 የተባሉት የቡና ዝርያዎች በ1974 እ.ኤ.አ. ከጫካ ቡና የተመረጡት ፍሬ የሚያጠቁረውን የሲቢዲ በሽታ እንዲቋቋሙ ነበር። አሁን ደግሞ ዝናቡ ሲዛባ አበባቸውን የማይበታትኑ ዝርያዎች በዚያው ትጋት ቢፈለጉ እመኛለሁ።

እስከዚያው በጎማ፣ በማናና በሊሙ ማሳ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዋናው አበባ የፈካበትን ቀን መዝግቡ። ከዚያ ሰባት ስምንት ወር ቆጥራችሁ ለቃሚ መቅጠርና የቡና ማድረቂያ አልጋ ማሰናዳት ትችላላችሁ።