የትኛው በሬ ይሸጥ?

በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር፣ ከነፋስ መውጫ ደጋ እስከ ስማዳ ቆላ፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት ገበሬ የሚሸጥበት ተራ አለው። መጀመሪያ ዶሮ፣ ቀጥሎ በግና ፍየል፣ ከዚያ ጊደርና ወይፈን ይሄዳሉ። የእርሻ በሬ የመጨረሻው ነው። ጎተራው ተጠርጎ፣ ሌላ የሚሸጥ ነገር ሲጠፋ ብቻ ነው ሰውየው ጥማዱን ፈትቶ አንዱን ወደ ገበያ የሚነዳው። ያን ጊዜ ጥያቄው አንድ ነው፦ ከሁለቱ የትኛው?

ከሩቅ ለሚያይ መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ደካማውን ሽጦ ብርቱውን ማስቀረት ነው። ጋይንትና እስቴ ግን ነገሩ እንዲህ አይታሰብም። አንዱ በሬ ጉልበት አለው፣ ዕድሜው ግን እየገፋ ነው። ሌላው ገና ጎረምሳ ነው፣ ገበያ ላይም ጥሩ ያወጣል፣ ግን ነገ የቤቱ ምሰሶ የሚሆነው እሱ ነው። አንዱ ከጎረቤት በሬ ጋር መቀናጆ ሲገባ ይስማማል፤ ሌላው ከለመደው ጓደኛው ውጭ ቀንበር አይሸከምም። ስለዚህ ገበሬው ሁለቱን በሬዎች ብቻ አያወዳድርም። ይህን ብሸጥ ሰኔ ላይ በምን አርሳለሁ፣ ያንን ብሸጥስ ብሎ ሁለት ዓይነት ሰኔ ያወዳድራል።

ይህንኑ ጥያቄ አንድ የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድን በፈረንጆቹ 2022 ሊመልሰው ሞክሮ ነበር። ውጤቱ ስፖርት ለማይከታተል ሰው እንኳ ትምህርት አለው።

ቡድኑ ሳክራሜንቶ ኪንግስ ይባላል። ከ2006 ወዲህ ወደ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ወደ ጥሎ ማለፉ ገብቶ አያውቅም ነበር። 16 ተከታታይ የውድድር ዘመን በመቅረት በኤንቢኤ ታሪክ ረጅሙን ድርቅ ያስመዘገበው ይህ ቡድን ነው። አሠልጣኝ ቀያይሯል፣ ሥራ አስኪያጅ ቀያይሯል። በ2018 ድራፍት ሁለተኛ የመምረጥ ዕድል ደርሶት ስሎቬኒያዊውን ሉካ ዶንቺችን አልፎ ማርቪን ባግሊን ወስዷል። ዶንቺች በጥቂት ዓመት ውስጥ ከዓለም ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። ባግሊ ግን በሳክራሜንቶ የተጠበቀውን ያህል አልሆነም።

ያን ጊዜ ዶንቺችን ለማለፉ ብዙ ሰው የሰጠው ምክንያት፣ ቡድኑ አስቀድሞ አንድ ጋርድ ነበረው የሚል ነው። ጋርድ ማለት ኳሱን ከራሱ ሜዳ ይዞ የሚሄድ፣ ጨዋታውን የሚያስጀምርና ለጓደኞቹ የሚያከፋፍል ተጫዋች ነው። ያ ጋርድ በ2017 በአምስተኛነት የተመረጠው ዴአሮን ፎክስ ነበር። ፈጣን ነው፣ የተከላካይ መስመር ሰንጥቆ እስከ ቀለበቱ ይደርሳል። በ2020 መጨረሻ ላይ የአምስት ዓመት፣ የ163 ሚሊዮን ዶላር የውል ማራዘሚያ ፈረመ። ቡድኑ የእሱ ቡድን መሆኑ በወረቀት ጸደቀ።

ችግሩ በዚያው ዓመት ድራፍት ሌላ ጋርድ መምጣቱ ነው። ታይሪስ ሃሊበርተን በ12ኛ ደረጃ ተመረጠ። አይሮጥም አይባልም፣ ግን ከእግሩ ይልቅ ዓይኑ ይቀድማል። ኳስ በእጁ አትቆይም፣ አብሮት የሚጫወት ሁሉ የተሻለ ይመስላል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በመከላከል የታወቀው ዴቪዮን ሚቸል በዘጠነኛነት ተመረጠ። ከርቀት ወርዋሪው በዲ ሂልድም አለ። አንድ ኳስ፣ አራት ጋርድ፣ ከቀለበቱ ሥር ግን ጨዋታ የሚለውጥ ረጅም ሰው የለም።

በኤንቢኤ ተጫዋች የሚዘዋወርበት ዋና መንገድ እንደ አውሮፓ እግር ኳስ የገንዘብ ሽያጭ ሳይሆን ልውውጥ ነው። የደመወዝ ጣሪያ ስላለ ሰጥተህ ትቀበላለህ፤ ዋጋው ሌላ ተጫዋች ወይም የወደፊት የድራፍት ምርጫ ነው። ሳክራሜንቶ ረጅም ሰው ከፈለገ ከጋርዶቹ አንዱን መስጠት ነበረበት። ፎክስ ወይስ ሃሊበርተን?

ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2022 መልሱ ተሰማ። ሃሊበርተን ከሂልድና ከትሪስታን ቶምሰን ጋር ወደ ኢንዲያና ፔሰርስ ሄደ። በምላሹ ሊቱዌኒያዊው ዶማንታስ ሳቦኒስ ከሌሎች ሁለት ተጫዋቾችና ከአንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ጋር መጣ። የሳክራሜንቶ ደጋፊ ደነገጠ። ልጁ ገና 21 ዓመቱ ነው፣ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ከተማውንም ይወዳል። ሰው ሁሉ ሸሽቶት በሚሄድ ቡድን ውስጥ መቆየት የሚፈልገውን መስጠት ምን ይሉታል?

ለውሳኔው የሚከራከር ሰው ግን ምክንያት ነበረው። ፎክስ ረጅም ውል አለው። ሳቦኒስን የሚያህል ሰው ሊያመጣ የሚችለው ደግሞ ገበያው የሚወደው ወጣት ነው። ሁለት ኳስ መሪዎችን በአንድ ቀንበር ጠምዶ አንዱን ማደንዘዝ ከሚመጣ፣ አንዱን ሰጥቶ ለሌላው የሚመጥን ጓደኛ ማምጣት ይሻላል። ገበሬም ሁለት የቀኝ በሬ ይዞ ግራ የሚሆን ካጣ እንዲሁ ያደርጋል።

የመጀመሪያው መኸርም ሰመረ። አዲሱ አሠልጣኝ ማይክ ብራውን መጣ፤ ቡድኑ በ2022/23 የውድድር ዘመን 48 አሸንፎ 34 ተሸነፈ፣ የምዕራቡን ምድብ በሦስተኛነት ጨረሰ፣ ድርቁም አበቃ። ባሸነፉ ቁጥር ከሜዳው ጣሪያ ወደ ሰማይ የሚለቀቀው ሐምራዊ ብርሃን የከተማዋ መለያ ሆነ። ብራውን የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተባለ። ፎክስ በጨዋታ ማብቂያ ደቂቃዎች ላይ ምርጥ ለሆነ ተጫዋች የሚሰጠውን ሽልማት በመጀመሪያው ዓመት ወሰደ። ሳቦኒስ ከቀለበት የሚመለስ ኳስ በመሰብሰብ ሊጉን መራ። በመጀመሪያው ዙር በጎልደን ስቴት በሰባተኛው ጨዋታ ቢሸነፉም ማንም አላዘነም። በዚያን ሰሞን ልውውጡን ስህተት ያለ ሰው ይሳቅበት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ዋናው ነገር።

በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ 46 ጨዋታ አሸነፈ፤ ፕሌይኦፍ ግን ሳይገባ ቀረ። ተፎካካሪዎቹ ሲጨምሩ እሱ ባለበት ቆመ። ሚቸል በ2024 ወደ ቶሮንቶ ተላከ። ፎክስ ውሉን ሳያራዝም ቆየ። ዲሴምበር 27 ቀን 2024 አሠልጣኙ ብራውን፣ ያ የተሸለመው ሰው፣ በውድድሩ አጋማሽ ተሰናበተ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ፎክስ ራሱ ወደ ሳን አንቶኒዮ ሄደ። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት፦ ለአንዱ ጋርድ ሲባል ሌላው ተሰጠ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የተመረጠውም ወጣ። በ2025 ቡድኑ እንደገና ከፕሌይኦፍ ውጭ ነበር፤ ልውውጡን የመራው ሥራ አስኪያጅ ሞንቴ ማክኔርም የውድድር ዘመኑ ባበቃበት ምሽት ተለያየ።

ኢንዲያናስ? ሃሊበርተንን እንደተቀበለ ቤቱን በእሱ ልክ ሠራ። ፈጣን ጨዋታ፣ ኳስ የሚወዱ ተጫዋቾች፣ ልምድ ያለው አሠልጣኝ ሪክ ካርላይል። በ2024 መጀመሪያ ላይ ፓስካል ሲያካምን ጨመረበት። በዚያው ዓመት የምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ ደረሰ፤ በ2025 ደግሞ የኤንቢኤ ፍጻሜ። በመጀመሪያው የፍጻሜ ጨዋታ 0.3 ሰከንድ ሲቀር የማሸነፊያዋን ኳስ ያስገባው ሳክራሜንቶ የሰጠው ልጅ ነው።

አሁን ወደ ተጋጣሚው ተመልከቱ። ያን ፍጻሜ በሰባት ጨዋታ ያሸነፈው የኦክላሆማ ሲቲ መሪ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር ነበር፤ የዓመቱም የፍጻሜውም ኮከብ። እሱም ጋርድ ነው፣ እሱም የተሰጠ ነው። በ2019 ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ፖል ጆርጅን ለማምጣት ቸኩሎ ከብዙ የድራፍት ምርጫ ጋር አሳልፎ ሰጠው። ጆርጅ በ2024 ውሉ ሲያልቅ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ፣ ክሊፐርስ በምላሹ አንድም ተጫዋች አላገኘም። የዓለም ትልቁ የቅርጫት ኳስ መድረክ ላይ ፊት ለፊት የቆሙት ሁለቱ መሪዎች ሌሎች ቤቶች «ይሂዱ» ያሏቸው ነበሩ።

ከዚህ ተነስቶ «ወጣት አትስጥ» የሚል ሕግ ማውጣት ይቀናል። ግን ሕጉ አይሠራም። ሃሊበርተን በዚያው ሰባተኛ ጨዋታ የአኪለስ ጅማቱ ተበጥሶ ወደቀ፤ ቀጣዩን የውድድር ዘመን በሙሉ እንደማይጫወትም ተነገረ። ወጣት በሬም ገደል ይገባል። ለዚህ ዋስትና የሚሰጥ የለም።

የሳክራሜንቶ ጥፋት ሃሊበርተንን የሰጠ ዕለት አልተፈጸመም። ያ ውሳኔ በዕለቱ ሚዛን ሲታይ የሚያስኬድ ነበር፤ የ2023 መኸር ይመሰክራል። ጥፋቱ ያስቀረውን አለመቀለቡ ነው። አንዱን በሬ ሸጦ በገንዘቡ ለሌላው መኖ ያልገዛ ገበሬ ሁለቱንም ያጣል። ፎክስን መርጠናል ያለ ቡድን በቀጣዮቹ ሁለት ክረምቶች ፎክስ የሚቆይበትን ቤት መሥራት ነበረበት። ድርቁ ሲያበቃ ሥራው ያበቃ መሰለው። ማስቀረት ውሳኔ መሆኑን፣ በየዓመቱም መታደስ እንዳለበት ረሳ።

ይህን ሁሉ ማንሳት ለምን አስፈለገ? በኢትዮጵያም በየክረምቱ ይኸው ጥያቄ ስለሚነሳ ነው፤ ወይም መነሳት ሲገባው ስለማይነሳ።

የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር፣ በክልል ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። የተጫዋች ውል በአብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው። ክረምት ሲገባ ግማሹ ቡድን ውሉ አልቆ ይበተናል፣ መስከረም ሳይጠባ ከሌላ ክለብ ውላቸው ያለቀ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ማን ይቅር፣ ማን ይሂድ የሚለው ጥያቄ በቡድኑ ዕቅድ ሳይሆን በውሉ ማለቂያ ቀን ይመለሳል። ሳክራሜንቶ ሃሊበርተንን ሲሰጥ ቢያንስ ሳቦኒስን ተቀብሏል። እዚህ ግን ክለብ ያሳደገው ልጅ ውሉ ሲያልቅ ሲሄድ ምላሹ ባዶ እጅ ነው። እንደ አቡበከር ናስር ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ በውል የተዛወረ ተጫዋች ብርቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተጫዋቾች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ጣሪያው ስንት ይከፈል ለሚለው መልስ ነው። ማንን እናቆይ፣ ለምንስ ለሚለው መልስ አይሆንም።

በዚህ አሠራር መጀመሪያ የሚጎዳው ከትንሽ ወረዳ የሚወጣ ልጅ ነው። ከመካነ ኢየሱስ ወይም ከወገዳ ተነስቶ ደብረ ታቦር የዞን ውድድር ላይ ዓይን የሚገባ የ17 ዓመት ልጅ ቢኖር፣ እሱን ሦስት ዓመት ታግሦ የማሳደግ ጥቅም ለክለቡ አይታይም። ሲበስል ለሌላ ነውና። ስለዚህ የበሰለ ሰው ይገዛል። የከተማው በጀትም በየዓመቱ ለፊርማ ይወጣል እንጂ ወደ ጥሪት አይለወጥም።

ጥሪት የሚለው ቃል እዚያው አገር ውስጥ ከባድ ትርጉም አለው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ባሉ ወረዳዎች የገባው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አንዱ ዓላማ፣ ቤተሰብ ክፉ ቀንን ለማለፍ ብሎ ጥሪቱን እንዳይሸጥ ማድረግ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በሬ የሸጠ ቤት የሚቀጥለው ዝናብ ቢዘንብለትም የሚያርስበት የለውም፤ መሬቱን በእኩል ሰጥቶ ግማሹን ይበላል። ለአንድ ክፉ ዓመት የተሸጠ በሬ የብዙ ደግ ዓመታትን ምርት ይዞ ይሄዳል። የቤተሰብ ጥሪት እንዲህ ከታሰበለት፣ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ክለብ ጥሪትስ?

አንድ የከነማ ክለብ ቦርድ በክረምት ተሰብስቦ ስም ዝርዝር ከማጽደቁ በፊት ሦስት ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባል። ይህ ልጅ ሲሄድ በምትኩ ምን ይገባል? የሚቀረው ከማን ጋር ተጣምሮ እንዲጫወት ታስቧል? እሱን ለማቆየትስ ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ምን ተዘጋጅቷል? ሳክራሜንቶ ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው መልስ ነበረው፤ ሦስተኛውን ስላልመለሰ ሁለቱም ጋርዶች የሌላ ቤት ሰው ሆኑ። ከሦስቱ አንዱንም ያልመለሰ ቦርድ ደግሞ ነሐሴ ላይ «ቡድኑን አጠናከርን» ብሎ መግለጫ ከመስጠቱ በፊት፣ ለዚያ ገንዘብ ግብር የከፈለው ነዋሪ መልሱን በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለው።