የደናክል ኮራል የካፌ ጌጥ አይደለም

ስለ ባሕር በር የማያወራ ሰው በጠፋበት ዘመን እኔ ዛሬ ስለ ባሕር ድንጋይ ልጽፍ ነው። ቀልድ አይደለም። የወደቡን፣ የኪራዩን፣ የአንካራውን ስምምነት ነገር ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ባሕር ግን ወደብ ብቻ አይደለም። በውስጡ የሚኖር ፍጥረት አለው፣ ፍጥረቱ ሲሞት የሚተወው ድንጋይ አለው፤ ከዚያ ድንጋይ ጥቂቱን ደግሞ እዚሁ አገራችን ምድር ላይ ጥሎልን ሄዷል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ነው፤ ነገሩ የተነሣው ግን ሐዋሳ ላይ ነው።

ጉዱማሌ አካባቢ ካፌ ሊከፍት ላይ ታች የሚል ጓደኛ አለኝ። ቦታውን ለማታውቁት፣ ጉዱማሌ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ የሚከበርበት ከሐይቁ ዳር ያለ ሰፊ ስፍራ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ እንግዳው በዝቷል፣ ካፌውም በዝቷል። ስለዚህ ጓደኛዬ ከሌሎቹ የሚለይበትን ነገር ሲያስብ ከርሞ 400 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አቁሞ የጨው ውሃ ዓሣና ኮራል ሊያኖርበት ወሰነ። እኔ በበኩሌ ሐይቅ አጠገብ ተቀምጦ ባሕር መመኘት አይገባኝም። አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ አጥማጆቹንና አባ ኮዳዎቹን ሲያይ ያረፈደ ደንበኛ፣ እዚያው የሐይቁን ቆሮሶ በመስታወት ውስጥ ሲዋኝ ቢያይ ይበቃዋል ባይ ነኝ። ግን ገንዘቡም የሱ፣ ቤቱም የሱ ነው።

ለገንዳው የሚሆነውን የጨው ቅይጥ ዱባይ ያለች እህቱ ትልክለታለች። ለ400 ሊትር 14 ኪሎ ያህል ይበቃል፤ የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ ቀይ ባሕር ደግሞ ወደ 40 ይጠጋል። (የገበያው የምግብ ጨው እንደማይሆን ለማሳመን አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅቶብኛል። የባሕር ውሃ ማግኒዚየሙ፣ ካልሲየሙና ሌላው ሁሉ በልኩ ነው፤ ወጥ ላይ የምንነሰንሰው ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ብቻ ነው።) ድንጋይ ግን በሻንጣ አይመጣም። በድሮው የአኳሪየም ሰዎች ስሌት ለ8 ሊትር አንድ ኪሎ ከተባለ 50 ኪሎ ያስፈልጋል። ታዲያ ከአፍዴራ ጨው ጭኖ የሚመላለስ አንድ ሾፌር፣ ወደ ዳሎል በኩል ሰው እንዳለውና ሁለት ኬሻ የደረቀ ኮራል ከጨው ጭነቱ ጋር ሊያመጣለት እንደሚችል ነገረው።

ጓደኛዬ ፈነደቀ። «የራሳችን ባሕር እኮ ነው!» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንከራከር ሰነበትን። ክርክሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ድንጋዩ ገንዳ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ጌጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነውና።

ዓሣ ይበላል፣ ይጸዳዳል። ከቆሻሻው አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ በጥቂቱም ቢሆን ዓሣ ይገድላል። ባሕር ውስጥ ይህንን የሚያስተካክሉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ይኼኛው ብዙም አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ውሃው ውስጥ ተንሳፈው ሳይሆን የሆነ ነገር ላይ ተጣብቀው ነው። ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ደግሞ ለነሱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ በውጭ በኩል ኦክስጅን የሚወዱት፣ ውሃ ቀስ ብሎ በሚደርስበት ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን የማይፈልጉት ይሰፍራሉ። የኋለኞቹ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይሸኙታል። ገንዳ ተሞልቶ ዓሣ ሳይገባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚጠበቀውም ይህ መንደር እስኪመሠረት ነው። ስለዚህ የኮራል ገንዳ የሚገዛ ሰው ዋናውን ማጣሪያ የሚመርጠው ድንጋዩን ሲመርጥ ነው። መብራቱና ፓምፑ ቢበላሽ ይቀየራል፤ ከሥር የተደረደረውን ድንጋይ ልቀይር ማለት ግን ቤት አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች ድሮ አጭሩን መንገድ መረጡ። ሊ ቺን ኤንግ የሚባል የኢንዶኔዥያ ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከነሕይወቱ ከባሕር የወጣ ድንጋይ ገንዳው ውስጥ ከትቶ ያለ ብዙ መሣሪያ ዓሣ ማኖር እንደሚቻል ለዓለም አሳየ። ዘዴው ግሩም ነበር። ችግሩ የመጣው ሁሉም ሰው ሲፈልገው ነው። ከፊጂና ከኢንዶኔዥያ ባሕር ድንጋይ እየተቆፈረ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሳሎኖች ተጋዘ። የፍሎሪዳ ባሕር ላይ ድንጋይ መንቀል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተከለከለ፤ የዚያ አገር ነጋዴዎች አሁን ከየብስ የተፈለጠ የኖራ ድንጋይ ወደ ባሕር ወርውረው፣ ሕይወት ሲበቅልበት መልሰው ያወጣሉ። ፊጂም እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ወደ ውጭ መላኩን አገደች። ለእኛ ይህ አማራጭ ከመጀመሪያውም የለም፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የምንነቅልበት ባሕር የለንም። ለዚህ ለአንዱ ነገር እንኳ እሰየው ብል ትታዘቡኛላችሁ?

ሐዋሳ ራሷ ድንጋይ አታጣም። ከተማዋ የተቀመጠችው በጥንት እሳተ ገሞራ ሰፊ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ታቦር ተራራም ሆነ አላሙራ የእሳት ልጆች ናቸው። ብሎኬት የሚመረትበት ቀላሉ ፑሚስ ቀዳዳው የትየለሌ ስለሆነ ለባክቴሪያ ይመቻል፤ ነገር ግን በደንብ ካልራሰ ይንሳፈፋል፣ ኮራል የሚፈልገውንም ካልሲየም አይሰጥም። ቀዩና ክብደት ያለው ቀዳዳማ ድንጋይ ብረት አለበት፤ ካፌ ውስጥ የሚያምር ገንዳ ለሚፈልግ ሰው ብረትና አረንጓዴ ሽበት አብረው እንደሚመጡ መንገር ያስፈልጋል። ደግሞ ኮምጣጤ ጣል ብታደርጉበት አይፈላም። ኮምጣጤ ሲነካው የሚፈላው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ኮራል ራሱ የሚሠራበት ነገር።

የኖራ ድንጋይ ደግሞ በኢትዮጵያ ሞልቷል። የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አብዛኛው አገራችን ከባሕር በታች ነበር። የአባይ በረሃ ገደል ላይ፣ ሙገር፣ መቀሌ ዙሪያ፣ ድሬዳዋ፣ ባሌ ውስጥ የወይብ ወንዝ ሰንጥቆት የሚያልፈው የሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ሁሉም የዚያ ባሕር ወለል ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ያን ባሕር እየፈጩ ነው ግድግዳችንን የሚያቆሙት። የዚህ ድንጋይ እንከን ድፍን መሆኑ ነው፤ ከብዶ ቦታ ይይዛል እንጂ ቀዳዳ የለውም፣ ባክቴሪያው የሚሰፍረው ቆዳው ላይ ብቻ ይሆናል።

የጓደኛዬ ልብ ወደ ደናክል የሄደው ለዚህ ነው፤ የደናክሉ ኮራል ሁለቱንም አለው። እውነተኛ ኮራል ነው፣ ቀዳዳም አለው። እንዴት እዚያ ተገኘ? ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር ከዙላ ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ደናክል ገብቶ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም። ዛሬ ግመሎች አሞሌ ጭነው የሚሄዱበት ሜዳ፣ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ዝቅ ብሎ ሙቀቱ ሰው የሚያቃጥልበት ስፍራ፣ ኮራል የሚያብብበት ሞቃት ባሕረ ሰላጤ ነበር። ኮራሉ በዳርና ዳሩ እንደ ቅጥር አደገ። በኋላ ምድሩ ተነሥቶ፣ እሳተ ገሞራም ታክሎበት በሩ ተዘጋ። የባሕር በራችንን መጀመሪያ የዘጋብን የትኛውም መንግሥት ሳይሆን መሬቱ ራሱ ነው። ውሃው ተነነ፤ ጨው ቀረ፣ ዳር ላይ ደግሞ ኮራሉ ከነቅርጹ፣ ከነዛጎሉ ቆሞ ቀረ። አያቶቻችን ገንዘብ አድርገው የተገበያዩበት አሞሌና ይህ ድንጋይ የአንድ ባሕር ልጆች ናቸው።

ጓደኛዬ ጠበቃ ቢሆን ኖሮ ይዋጣለት ነበር። «ጨውን ስንቆርጥ ኖረን የለ? ድንጋዩን ብንወስድ ምን ልዩነት አለው? ፈረንጆቹስ ከየብስ ይፈልጡት የለ?» ይለኛል። መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ጨው ሜዳው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ክምር ነው፤ አንዱን አሞሌ ከሌላው የሚለየው ነገር የለም። ኮራሉ ግን እያንዳንዱ ራስ የቆመበት ቦታ የምስክር ቃሉ ነው። ኮራል በሕይወት ሳለ ከባሕር ውሃ ዩራኒየም ይወስዳል፣ ቶሪየም ግን እምብዛም አይወስድም። ሲሞት ዩራኒየሙ በማይዛነፍ ፍጥነት ወደ ቶሪየም ይለወጣል። የሁለቱን ልክ የሚያይ ሳይንቲስት ኮራሉ መቼ እንደኖረ ያውቃል። ኮራል የሚያድገው ብርሃን በሚደርስበት ጥልቀት ነውና የዕድሜው ቁጥር ከቆመበት ከፍታ ጋር ሲደመር ያኔ ባሕሩ የት ድረስ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህስ ምድሩ ምን ያህል እንደወጣና እንደወረደ ይነግራል። አፍሪካ ስትሰነጠቅ በእግር ተሂዶ ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ አፋር ነው፤ ይህ ኮራል ደግሞ ስንጥቁ ውስጥ የተተከለ ሜትር ነው። ኬሻ ውስጥ ገብቶ ሐዋሳ የደረሰ ኮራል ዕድሜውን ይናገር ይሆናል፤ ከፍታውን ግን መልሶ አይናገርም። የፍሎሪዳ የኖራ ድንጋይ ሰዎች ከተማ የሠሩበት ሰፊ ምድር ነው፤ ሁለቱ አይወዳደሩም።

ሕግ ይጠብቀዋል የሚል ካለ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም ላይ የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይተስ የሚባለው ስምምነት ሕያው ኮራልንም፣ ከባሕር የወጣ የኮራል ድንጋይንም በመዝገቡ ይዟል። ቅሪተ አካል የሆነ ኮራል ግን ከቁጥጥሩ ውጭ ነው ብሎ በግልጽ ያስቀምጣል። የፊጂ ኮራል ድንበር ላይ ወረቀት ይጠየቃል፤ የእኛ ግን በዚያ ስምምነት በኩል የሚጠይቀው የለም። የባሕር ኮራል እየተከለከለ በሄደ ቁጥር ደረቅ ድንጋይ የሚፈልገው ገበያ ደግሞ እየሰፋ ነው። ዛሬ ሁለት ኬሻ ለሐዋሳ ካፌ ነው፤ መንገዱ ከተለመደ በኋላ ኮንቴይነር የሚሞላ አይጠፋም። ዳሎልን ለቱሪስት በፖስተር የሚያስተዋውቁ መሥሪያ ቤቶች ቢጫውን ሰልፈር ብቻ ከሚያሳዩን ስለዚህ ኮራል አንድ ቦርድ ቢተክሉ ደስ ይለኛል። የአፋር ወጣት ጎብኚ አምጥቶ እያሳየ የሚበላበት ድንጋይ፣ በኪሎ ከሚሸጠው በላይ ያበላዋል።

«እሺ፣ ታዲያ ምን ልጠቀም?» ወደሚለው ስንመጣ፣ መልሱ ግንበኛ ጋ ነው። ባሕር የራቃቸው የአኳሪየም ሰዎች ድንጋያቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ ደቆ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ሁለት እጅ ደግሞ ድፍን ጨው፤ ለከብት የሚሸጠው ዓይነት። ጨው የሚገባው ቀዳዳ እንዲሠራ ነው። በጥቂት ውሃ ጠንከር አድርጎ ለውሶ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በእጅ በተጎደጎደ ቅርጽ ላይ ማፍሰስ፤ ሲደርቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር ጨው ይሟሟል፣ ቦታው ባዶ ይቀራል። ለዚህ ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ አይከፋም። ሲመረት ፑሚስን የመሰለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አብሮ ይፈጭበታል፤ ይህም ውሃውን የሚያቃጥለውን ትርፍ ኖራ ይዞ ያስቀራል። ጨውን ለዚህ ሥራ ከአፍዴራ ቢያስመጣ አልቃወምም፤ ሾፌሩም ሥራ አያጣ።

ከባዱ ነገር ትዕግሥት ነው። አዲስ ሲሚንቶ የነካው ውሃ ፒኤች 12 ያልፋል፤ ኮራል የሚኖርበት ከ8 ነጥብ 1 እስከ 8 ነጥብ 4 ነው። በርሜል ውስጥ ነክሮ ውሃውን በየሁለት ሦስት ቀኑ መለወጥ፣ ይህንንም ለአንድ ወር፣ ምናልባትም ለሁለት ወር መቀጠል ያስፈልጋል። ለነጋዴ ሁለት ወር ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። የመጨረሻው እጥበት ደግሞ በተጣራ ውሃ ቢሆን ይሻላል፤ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት የዚህ አገር ሰው ጥርስ ይመሰክራል።

በነገራችን ላይ ምጽዋንና የዳህላክን አሮጌ ቤቶች ያየ ሰው ግድግዳው የኮራል ድንጋይ መሆኑን ያስታውሳል። እነሱ ከባሕሩ ቆርጠው ቤት ሠሩ፤ ያኔ አማራጭ አልነበራቸውም። ጓደኛዬ ግን አለው። የሾፌሩን ስልክ እስካሁን አልሰረዘም፤ በርሜል ግን ገዝቷል። እናንተ ውስጥ መቀሌ ወይም ድሬዳዋ ያለ፣ ደቆ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በኩንታል የሚሸጥበትን ቦታ የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።